ለሚያድግ ወታደር የተሰፋ ሱሪ

እማማ ያድግበታልን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሆዴ ሲወጣ ሱሪዬን ያሰፉልኛል፣ ስከሳ ያጠብቡልኛል፤ ከዚህ ያለፈ ቁም ነገር በመካከላችን ኖሮ አያውቅም። እኔ ሰው ፊት ስቆም ምላሴ የሚተሳሰር ሰው ነኝ። እሳቸው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስፒል በከንፈራቸው ነክሰው ነው የሚውሉት። ሁለታችን ስንገናኝ የሚኖረው ጨዋታ ይታያችሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የጻፍኩት ግማሹ ከራሳቸው አፍ በስንት ምልልስ የወጣ፣ ግማሹ ደግሞ ከልጃቸውና አብረዋቸው ከሠሩ ሴቶች የለቃቀምኩት ነው። የጎደለ ነገር ካለ እኔ ሳልሰማው ቀርቼ ነው፤ የተጋነነ ካለ ግን ሴቶቹን ጠይቁ።

ቅጽል ስማቸው የወጣው ከሥራቸው ነው። ከገበያው ጀርባ ባለ አንድ ረጅም የስፌት ቤት ውስጥ ዋና ቆራጭ ነበሩ። ያኔ ገና እትዬ ነበሩ፤ እማማ የሆኑት በኋላ በዕድገት ነው። የስፌት ቤቱ የሚያውቀው የተማሪ ደንብ ልብስ ብቻ ነበር፦ ሰማያዊ ሱሪ፣ ሰማያዊ ጉርድ፣ ነጭ ሸሚዝ። ከዚያ ቤት የወጣ ሱሪ ሁሉ ከእግሩ ጫፍ ወደ ውስጥ የታጠፈ መዳፍ የሚያህል ትርፍ ጨርቅ አለው። እናት ልጇን አቁማ «ይኼ እኮ ልኩ አይደለም፣ ረዘመ» ስትል፣ እትዬ ከጨርቁ ላይ ቀና ሳይሉ «ያድግበታል» ይላሉ። «ወገቡም ሰፋ» ስትል፣ «ያድግበታል»። አንድ አባት የልጁ ኮፍያ ዓይኑን ጋረደው ብሎ ሲመልስላቸው «ያድግበታል» አሉት ይባላል። ይህንን እንኳ አላመንኩም፤ በስፌት ቤቱ ኮፍያ ተሰፍቶ አያውቅም።

ትምህርት ሲከፈት እናቶች እጥፋቱን በምላጭ ተርትረው ዝቅ ያደርጉታል። ፀሐይ ያላየው ጨርቅ ብቅ ሲል ከላይኛው ይጠቁራል፤ በድሮው እጥፋት ቦታም መስመር ይቀራል። የሰፈራችን ልጅ ዕድሜው የሚታወቀው በሱሪው መስመር ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ሱሪዬ የባቡር ሐዲድ መስሎ ነበር።

ጦርነቱ የመጣው ያን ዓመት ነው።

ጦርነት መጀመሪያ የሚያንኳኳው የጦር ሰፈሩን በር ይመስለኝ ነበር። በእኛ ከተማ ግን የጀመረው ከብስኩት ፋብሪካው ነው። ክሬም ያለው ብስኩት ቀረና ለወታደር ስንቅ የሚሆን ደረቅ ብስኩት ይጋገር ጀመር። የጎረቤታችን ውሻ አንዱን አግኝቶ ከጠዋት ጀምሮ ሲታገለው ዋለና በመጨረሻ ቀበረው። ቀጥሎ አውቶቡሶቹ ጭቃ የመሰለ ቀለም ተቀብተው ከነሾፌሮቻቸው ሄዱ። በቀሩት አሮጌዎች ላይ ትኬት ቆራጭ የነበሩት ሴቶች መሪ ጨበጡ። ተሳፋሪው መጀመሪያ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ በአንድ ድምፅ ይጸልይ ነበር፤ በኋላ ግን ከወንዶቹ ይልቅ በሰዓቱ የሚያደርሱት እነሱ መሆናቸውን ሲያይ ጸሎቱን ተወው።

በኳስ ሜዳው ወጣቶች የመጥረጊያ እንጨት እንደ ጠመንጃ ተሸክመው ሰልፍ ይለማመዱ ስለነበር ከተማው ውስጥ መጥረጊያ ጠፋ። ጸጉር አስተካካዩ አንድ ዓይነት ቁርጥ ብቻ ስለሚቆርጥ «እንዴት ላድርግልህ?» ብሎ መጠየቅ ረሳ። እኛ ተማሪዎች ለፋብሪካ የሚቀልጥ ብረታ ብረት እንድንሰበስብ ታዘዝን፤ የክፍላችን አለቃ የእናቱን ድስት ከነወጡ አስረከበ። ስኳር በካርድ ሆነ። ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ «ሁሉም ነገር ወደ ግንባር!» ሲል፣ እናቴ «ታዲያ ይኼን ሬዲዮ ለምን አይወስዱትም?» ትል ነበር።

የስፌት ቤቱ ተራ ሲደርስ ሰማያዊው ጨርቅ ቆመ፤ በጭነት መኪና አረንጓዴ ጣቃ መጣ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለተማሪ አዲስ ልብስ የለም ተባለ። እናቶች ያላቸውን እጥፋት ሁሉ አወረዱ፤ ያለቀበትም ቁርጭምጭሚቱ እየታየ ተማረ።

ጣቃውን ይዞ የመጣው የአቅርቦት መኮንን የሆነ መቶ አለቃ ነበር። ከጦርነቱ በፊት በብስኩት ፋብሪካው ግምጃ ቤት ኃላፊ ስለነበር ሁሉም ያውቀዋል። ማዕረጉን በችኮላ ስለሰጡት ገና አልለመደውም፤ ሰው «ጌታዬ» ሲለው ወደ ኋላው ዞር ብሎ ያያል።

«እናቶቼ፣ እህቶቼ፣» አለ አንድ ሱሪ ወደ ላይ አንጠልጥሎ። «ይኼ ናሙናው ነው። ከዚህ የወጣ አልቀበልም። ከእንግዲህ እናንተም ወታደር ናችሁ።»

«ጡረታ አለው?» አለች ቁልፍ ሰፊዋ።

ቁልፍ ሰፊዋ የእትዬ የልብ ጓደኛ ነበረች። የስፌት መኪናዋ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ነው፤ ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ይበላሉ፣ ሐሜታቸውንም እንደዚያው። ሁለቱም ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው አንድ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው።

መቶ አለቃው ናሙናውን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ባለ ምስማር ላይ ሰቀለውና ዙሪያውን ቃኘ። «እዚህ ቤት ወንድ ስንት ነው?»

የስፌት ቤቱ ባለቤት ሳይጠየቅ ቀደመ። ከክር ቁራጭ ጋር ስለሚጣላ ጋሽ ቆጥብ ይሉታል። «እኔ እንኳ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ኩላሊቴም አለች፣ ጉልበቴም» ብሎ በሽታውን መዘርዘር ጀመረ።

«እርስዎን አይደለም። ያ ጥግ ላይ ያለው ጎረምሳስ?»

ጥግ ላይ የነበረው የእትዬ ልጅ ነው። አባቱ በሕመም ስለሞተበት እዚያው የስፌት ቤት ውስጥ፣ በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ እየተኛ ነው ያደገው። ካደገ በኋላ ደግሞ ካውያ ሰጡት።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ተኳሽ ነኝ።»

የመቶ አለቃው ዓይን በራ። «የት ሠለጠንክ?»

«እዚሁ። በካውያ።»

ሴቶቹ ሳቁ። መቶ አለቃው ግን አልሳቀም፤ ደንቡን አስረዳ። የጦሩን ሥራ የሚሠራ ወንድ ሥራው ተጠናቆ ርክክብ እስኪፈጸም ድረስ አይጠራም። የዚህ ልጅ እኩዮች የሚሄዱት ግን በሚቀጥለው ዙር ነው፤ ሱሪዎቹም የሚሰፉት ለዚያው ዙር ነው። «ስለዚህ ሱሪዎቹን የተረከብኩ ዕለት አንተንም አብሬ እረከባለሁ» አለው። «አንዱን ሱሪ እዚሁ ለብሰህ ትወጣለህ።»

«እሺ ጌታዬ!» አለ ልጁ ደረቱን ነፍቶ።

እትዬ ስፒሎቹን ከከንፈራቸው አወጡና አንድ በአንድ በቀሚሳቸው ደረት ላይ ሰኩ። ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነበር፦ ሱሪዎቹ ሲያልቁ ልጃቸው ይሄዳል። የሚቆርጡትም እሳቸው ናቸው።

ልጁ መሄድ አልጠላም። እንዲያውም ቸኩሎ ነበር። የሰፈር ልጃገረዶች በስፌት ቤቱ መስኮት ሲያልፉ «አንተ ተኳሽ፣ ዛሬ ስንት ሸሚዝ ማረክህ?» ይሉት ስለነበር ጆሮው ግሎ ከካውያው ጋር ይፎካከር ነበር። ማታ ቤት ሲገባ ከእናቱ ጋር ጭቅጭቅ ነው።

«እማዬ፣ እኩዮቼ ሁሉ ሲሄዱ እኔ ሴት መሀል እንፋሎት ስጠጣ ልኑር?»

«እንፋሎት ገድሎ አያውቅም።»

«ይስቁብኛል እኮ!»

«ይሳቁ። የሚሳቅበት ሰው መጀመሪያ መኖር አለበት» ይሉታል።

ቁልፍ ሰፊዋ ግን ሱሪዎቹ ቶሎ እንዲያልቁ ነበር የምትፈልገው። ልጇ ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዱ ነው፤ የትም ስለማይሠራ ማስቀሪያ የለውም። መሄዱ ካልቀረ በደንብ ለብሶ እንዲሄድላት ትፈልጋለች። «ልጄ የሚለብሰው ይኼኛው ይሁን፣ አይ ይኼኛው» እያለች ቁልፉን ሁለት ጊዜ ታጠብቅ ነበር።

እትዬ ሥራውን ጎትተው ቢሆን ኖሮ ማንም ይገባው ነበር። እሳቸው ግን አልጎተቱም። ቀድመው ይገባሉ፣ ዘግይተው ይወጣሉ፤ መቀሳቸው እንደዚያ ሰሞን ሮጦ አያውቅም። የቆረጡትን ሰፊዎቹ ይቀጥሉታል፣ ቀምቃሚዎቹ ጫፉን አጥፈው ይቀመቅሙታል፣ ቁልፍ ሰፊዋ ቁልፉን፣ ልጁ ካውያውን። ሱሪው በናሙናው ልክ ይደርሳል። ቁመቱ ልክ ነው፣ ወገቡ ልክ ነው።

የሆነ ነገር የሸተተው ጋሽ ቆጥብን ብቻ ነበር፤ ጣቃው ካሰበው በላይ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ወዲያው የጠረጠረው ሌብነት ነው። ማታ ማታ በር ላይ ቆሞ የሴቶቹን ቦርሳ መፈተሽ ጀመረ።

«ምን ፈልገህ ነው ጋሼ?» አለችው ቁልፍ ሰፊዋ ቦርሳዋን እያራገፈችለት።

«ጨርቅ።»

«ጨርቅ ብሰርቅ ቦርሳ ውስጥ ምን አስገባው? ለብሼው እወጣ ነበር እንጂ!»

ባዶ የምሳ ዕቃ እንጂ ምንም አላገኘም። ለመቶ አለቃውም አልነገረም፤ ጨርቅ ጠፋ ብሎ የሚከስ ባለቤት መጀመሪያ ራሱ እንደሚጠየቅ ያውቃላ።

የርክክቡ ቀን ሱሪዎቹ እስከ መስኮቱ ተከምረው እንደ አጥር ቆመዋል። ልጁ ጸጉሩን ተቆርጦ፣ ቦርሳውን ሸክፎ ቁጭ ብሏል። እትዬ ጠረጴዛቸውን እየወለወሉ ነው። ሴቶቹ እንደሚሉት ጠረጴዛው ከጠዋት ጀምሮ ሲወለወል ነበር።

መቶ አለቃው ከክምሩ አንዱን መዘዘና ወገቡን ለጠጠ፣ ቁልፉን ጎተተ። «ጎበዝ!»

«ኸረ ይጎትቱት» አለች ቁልፍ ሰፊዋ። «ጥርስዎ ይወልቃል እንጂ እሱስ አይነቀልም።»

በዚህ በቆመ ነበር። ግን ሰውየው ግምጃ ቤት ያደገ ነው፤ ዕቃ ሲረከብ ሳይቀምስ አይፈርምም። ከመጋረጃው ኋላ ሄዶ ሱሪውን ለበሰና ወጣ፣ ተንጎራደደ፣ ሴቶቹም «ያምርብዎታል» አሉት። ከዚያ ቁጭ ብሎ ቦት ጫማውን ሊያደርግ የሱሪውን ጫፍ ወደ ውስጥ ከተተ። እግሩ ግን አልገባ አለ።

ገፋ። አልገባም። ተነስቶ ወለሉን ደበደበ። በመከራ ግማሹ ገባና እዚያው ተወተፈ።

«ምንድን ነው ያለበት? ፍራሽ ከታችሁበታል እንዴ?»

አሁን ደግሞ አልወጣም አለ። ጋሽ ቆጥብ ተንበርክኮ ጫማውን ያዘ፤ ቁልፍ ሰፊዋ መቶ አለቃውን ከኋላ በብብቱ ይዛ ጎተተች። «በርታ ጋሼ!» «ያዢው፣ አትልቀቂው!» «ኸረ እግሬን!» ሲባባሉ ጫማው ፈነጠረና ጋሽ ቆጥብ ጫማውን እንደታቀፈ በሱሪው ክምር ውስጥ ሰጠመ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ እንኳ ቦርሳው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

መቶ አለቃው ላቡን ጠርጎ፣ የሱሪውን ጫፍ ገለበጠና ወደ ውስጥ አየ። መዳፍ የሚያህል ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ሁለተኛ ሱሪ መዞ ገለበጠ። ሦስተኛ። ሳቁ እየደከመ ሄዶ ጠፋ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እጥፋት ነው» አሉ እትዬ ዝግ ብለው።

«ለምን?»

ይህን ጊዜ ሴቶቹ ሁሉ፣ ሳያስቡት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደለመዱት፣ በአንድ ድምፅ «ያድግበታል!» አሉ። ወዲያው ሁሉም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ማን ነው የሚያድግበት? ወታደር ነው የሚያድግበት?» ጮኸ መቶ አለቃው። «ለሌላ ሻለቃ ጦር የሚሆን ጨርቅ እኮ ነው እግር ሥር የቀበራችሁት! ቦት ጫማ ውስጥ የማይገባ ሱሪ! በጦርነት ጊዜ ይኼ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? አሻጥር ይባላል!»

ቃሉ ሲወጣ ቤቱ ቀዘቀዘ። ያ ቃል በሬዲዮ ሲነገር ከኋላው ምን እንደሚከተል ሁሉም ሰምቷል። መቶ አለቃው ወደ ቀምቃሚዎቹ ዞረ። «እናንተስ ናሙናውን አታዩም?»

«እኛ ተቆርጦ የመጣውን ነው የምናጥፈው፣ ጌታዬ። በናሙናው ቁመት ነው ያጠፍነው። የተረፈውን ሁልጊዜም ወደ ውስጥ ነው።»

«አንቺስ?» አላት ቁልፍ ሰፊዋን።

«እኔ ሥራዬ ወገብ ላይ ነው። እግር ድረስ ምን ይወስደኛል?»

ሁሉም ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ናሙና አዩ። ጫፉ ጣት በማይሞላ ቅምቅማት ተይዟል። ያን ያህል ጊዜ ከእትዬ ዓይን ፊት ለፊት ተሰቅሎ ነበር።

እትዬ ጠረጴዛው ላይ ተደፉ። «እጄ ይቆረጥ! ይኼ የተረገመ እጄ!» እያሉ አለቀሱ። «ዕድሜዬን ሙሉ ለልጅ ስቆርጥ ኖሬ ለትልቅ ሰው መቁረጥ ከየት ይምጣልኝ! እሰሩኝ፣ እኔን እሰሩኝ፣ እነሱ ምን አጠፉ!» ልቅሷቸው የምር እንደነበር የማትምል ሴት አላገኘሁም።

መቶ አለቃው ባዶ እግሩን ቆሞ ግራ ተጋባ። ሴት ልጁ የእኛው ትምህርት ቤት ተማሪ ነበረች፤ ጉርዷን የቆረጡላት እኚሁ ሴት ናቸው። «አይዞዎት እትዬ» አለ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባለቤቴ ትናንት የልጄን ጉርድ ስታወርድላት ነበር። ያ እጥፋት ባይኖር ልጄ ምን ለብሳ ትማር ነበር?» ከዚያ ማዕረጉ ትዝ ሲለው ጉሮሮውን ጠረገ። «ማረም ግን ግድ ነው። ሁሉም ይተርተር! ትርፉ ይቆረጥ፣ ለኮዳ ሽፋን ይሆናል። እንደገና ይቀምቀም፣ እንደገና ይተኮስ። እስኪያልቅ ድረስ ከዚህ ቤት አንድ ሠራተኛ አይለቀቅም።»

«እኔ ግን ሄጃለሁ አይደል?» አለ ልጁ ቦርሳውን አንስቶ።

«የት? ማን ሊተኩሰው? እኔ?»

ክምሩ እንደገና ፈረሰ። ሴቶቹ ምላጭ ይዘው ሲተረትሩ ዋሉ፣ በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። የዘማቾቹ መነሻ ግን ለሱሪ ተብሎ አይራዘምም።

መኪናዎቹ የተነሱ ቀን እኔም እዚያ ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ ባንዲራ እንድናውለበልብ ልኮን በመንገዱ ዳር ተሰልፈናል። በመኪናዎቹ ላይ ያሉት ልጆች ከላይ የወታደር ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ሸሚዙን የሰፋው ሌላ ከተማ ነውና ደርሷል። ከታች ግን ሁሉም ያለውን ነው የለበሰው፦ አንዱ የሥራ ሱሪ፣ አንዱ የሠርግ ሱሪ። የቁልፍ ሰፊዋ ልጅ የድሮውን የትምህርት ቤት ሰማያዊ ሱሪ ለብሷል፤ እስከ መጨረሻው ወርዶም ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቷል። እናቱ ከሥራዋ አስፈቅዳ ወጥታ ከታች ቆማ ስታለቅስ ከመኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ «እማዬ አታልቅሺ፣ ያድግብኛል!» አላት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሷም እያለቀሰች ሳቀች።

መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል የእትዬ ልጅ ከየት መጣ ሳይባል እየሮጠ መጥቶ ዘሎ ተንጠለጠለ። በስፌት ቤቱ መስኮት አምልጦ ነው፤ ካውያውን በአንድ ሱሪ ላይ ትቶት ስለነበር ጭሱ እስከ መንገዱ ይሸታል። መቶ አለቃው በቀበቶው ያዘው።

«ውረድ!»

«ልዝመት!»

«እነዚህ ልጆች እንደ ሠርግ አጃቢ የሚሄዱት በማን ቤት ምክንያት ነው? ሂድና ተኩስ! ሱሪያቸውን ተኩስ!»

ልጁ በሁለት ወታደር ተይዞ ተመለሰ። በጦርነት ጊዜ ወደ ግንባር እንዳይሄድ በወታደር እየተጎተተ ወደ እናቱ የተወሰደ ጎረምሳ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እሱ ይሳደባል። እናቱ በስፌት ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር ይላሉ። እኔ ፊታቸውን አላየሁም፤ መኪናዎቹን ነበር የማየው።

ሱሪዎቹ ታርመው ሲያልቁ በሌላ መኪና ተላኩ። ወዲያው ሌላ ሥራ መጣ፣ ልጁም በደንቡ መሠረት እዚያው ቆየ፤ ሥራው ሳይጠናቀቅ ጦርነቱ ማለቁን በሬዲዮ ሰማን። ብስኩቱ ክሬሙን ይዞ ተመለሰ። ከአውቶቡሶቹ ጥቂቶቹ መጡ፣ ከሾፌሮቻቸው ደግሞ ከዚያም ያነሱት።

የቁልፍ ሰፊዋ ልጅ መጣ። ቀኝ ጉልበቱ አይታጠፍም። ቀልዱ ግን አብሮት ተመልሷል። «ሱሪው የደረሰኝ ሆስፒታል ተኝቼ ነው» ይላል ሰው ሲሰበሰብ። «እግሬ በጄሶ ታሽጎ ስለነበር አንዱን እግር በመቀስ ቀደው አለበሱኝ። የቀደዱት እግር ላይ ታዲያ ቅምቅማቱ እንዴት ያምራል!»

የእትዬ ልጅ ሲያገባ ቁልፍ ሰፊዋ ተጠርታ ነበር። ብርጭቆዋን አንስታ «እናቱ በሱሪ እጥፋት ውስጥ ደብቃ ያስቀረችው ሙሽራ ይኑርልን!» አለች። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሙሽራው ሳቀ፣ መቶ አለቃው ወደ ብስኩቱ ተመልሶ ስለነበር እሱም ሳቀ፣ የቁልፍ ሰፊዋ ልጅም የማይታጠፈውን ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። እትዬም ሳቁ ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ አንዷ ሌላዋ ቤት ስትገባ ግን አላየሁም።

የስፌት ቤቱ ጡረተኞች እስካሁን ድረስ ለሁለት ተከፍለው ይከራከራሉ። ግማሾቹ እጅ ከለመደ ዓይን አያየውም ይላሉ፤ እነሱ ራሳቸው ያን ሁሉ ሱሪ በእጃቸው እያሳለፉ አላዩም። ሌሎቹ አውቀው ነው ይላሉ፤ ከቀምቃሚዎቹ አንዷማ መጀመሪያ የተቆረጡት ጥቂት ሱሪዎች ትርፍ አልነበራቸውም ብላ ትምላለች። ጓደኛዋ ደግሞ «አንቺ ትናንት የበላሽውን አታስታውሺ!» ትላታለች።

እኔ ይህን ክርክር ስሰማ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ሱሪ ላሳጥር እማማ ዘንድ ሄድኩ። ዛሬ የሚሠሩት ከልጃቸው ሱቅ ጓዳ ነው፤ ልጃቸው ሆዱ ገፍቶ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። ከደጅ ከደንበኛ ጋር በዋጋ ሲከራከር ድምፁ ይሰማል። እማማ ከእግሬ ሥር ተንበርክከው በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። የጦርነቱን ወሬ ያመጡት ራሳቸው ነበሩ፤ ስለ ጋሽ ቆጥብና ስለ ጫማው ሲያወሩ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም ሳቁ ድፍረት ሰጠኝ መሰለኝ።

«እማማ፣» አልኳቸው። «ያ እጥፋት... የእጅዎ ልማድ ነው ወይስ እርስዎ አስበውበት?»

ጠመኔው ቆመ። ልጃቸው ከደጅ «በዚህ ዋጋ እኮ እኔው ከስሬ ነው!» እያለ ይምላል። እማማ ድምፁን ትንሽ አዳመጡት።

«እሱን አልመልስልህም፣ ልጄ» አሉኝ።